ከልብ በር ጀርባ ያለው አዙሪት

ሐኪሙ ሁለቱን ቫልቮች፣ ሰው ሠራሽ የልብ በሮችን፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ «እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው» ሲል ሦስቱም ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ቫልቭ ከእንስሳ የልብ ሽፋን የተሠራ፣ ለስላሳና ፈዘዝ ያለ ነጭ ነበር። ሌላው ጥቁር ቀለበት ሆኖ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ክንፎች ነበሩት፤ በጣት ገፋ ሲያደርጓቸው ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ።

ልቧ የደከመው ሴትዮ ጸጉር ሠሪ ነች። አፏ አያርፍም፤ ደንበኞቿ «አንቺ ጋ የምንመጣው ለጸጉራችን ሳይሆን ለወሬሽ ነው» ይሏታል። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ አናጢ ነው፤ እሱ ደግሞ ቃል የሚያወጣው ምስማር እንደሚያወጣ ሰው እየታገለ ነው። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ መሐንዲስ ያደረገችው እሷ ነች፤ ጸጉሩ ሸብቶም ቢሆን እስከ ዛሬ የምትጠራው «ጩጬ» ብላ ነው።

«ነጩ ብዙ መድኃኒት አይፈልግም» አለ ሐኪሙ። «ግን ያረጃል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ከፍተን መቀየራችን አይቀርም። ጥቁሩ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ደም ግን ሊረጋበት ይችላል። የደም ማቅጠኛ ክኒን በየቀኑ መዋጥና ደምሽን በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው።»

«እንደገና ከፍተን?» አለች። «ዶክተር፣ ደረቴ የቁምሳጥን በር መሰለዎት እንዴ?»

ሐኪሙ ሳቀ። ባሏ አልሳቀም። ወደ ሚስቱ ወንድም ዞሮ «አንተ ምን ትላለህ? ይሄ ጥቁሩ እናንተ ጋ ያለው አይደል?» አለው።

እውነት ነው። መሐንዲሱ በሚሠራበት ላቦራቶሪ፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ፣ ያው ጥቁር ቫልቭ ከልብ በሚወጣው በትልቁ የደም ቧንቧ ቅርጽ በተሠራ ጥርት ያለ ቱቦ ውስጥ ተገጥሞ ነበር። ፓምፑ እንደ ልብ ይመታል። በቱቦው ውስጥ የሚሄደው ደም ሳይሆን እንደ ደም እንዲወፍር ግሊሰሪን የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ዓይን ቢገባ የማይቆረቁር ብናኝ ተበትኗል። ሌዘሩ እንደ ወረቀት የሳሳ አረንጓዴ ብርሃን በፈሳሹ መሃል ያሳልፋል፤ ብናኙ በዚያ ብርሃን ሲያበራ ካሜራው በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ሁለት ፎቶ አከታትሎ ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፎቶውን በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና በየካሬው ያለው ብናኝ ከአንደኛው ፎቶ እስከ ሁለተኛው የት እንደደረሰ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ቀስት ያስቀምጣል፤ ፈሳሹ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሄደ የሚያሳይ ቀስት።

ሥራው ይህ ነበር። ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ ከጀርባው ፈሳሹ ይናወጣል፣ ይሽከረከራል። ነውጡ ከልክ ካለፈ የደም ሕዋስን ይጎዳል፤ የተጎዳ ደም ደግሞ ይረጋል። መሐንዲሱ ወራት ሙሉ ለክቶ ያገኘው ቁጥር ደም ይጎዳል ከሚባልበት ልክ በታች ነበር፤ ያውም በደህና ርቀት።

«እኔ ራሴ ነኝ የለካሁት» አላቸው። «ደም የሚጎዳ ነገር አላየሁበትም።»

አልዋሸም። አላየበትም።

«በቃ!» አለች እህቱ ጉልበቱን መታ አድርጋ። «ጩጬ አላየሁም ካለ የለም ማለት ነው። ይሄ ልጅ እኮ ሽሮ ውስጥ ጸጉር ፈልጎ የሚያገኝ ነው። ጥቁሩን አድርጉልኝ።»

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ቤቷ ስትገባ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ፀጥ ሲል ይሰማ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ባሏ፣ በዓመት አንዴ የሚቀልደው ሰውዬ፣ «ሰዓት ይዤ ነው እንጂ ሚስት ይዤ አልተኛም አሁን» አለ። እሷም ደንበኞቿን ጆሯቸውን ደረቷ ላይ እያስለጠፈች «ወንድሜ የመረጠልኝ ነው» ትላቸው ጀመር። ቀለሟ ተመለሰ። ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ ተወች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ነው። መሐንዲሱ ውጤቱን አቅርቦ ሲጨርስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሸምገል ያሉ ተመራማሪ እጃቸውን አወጡ። «ካሬያችሁ ምን ያህል ሰፊ ነው?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። «በዚህ ዓይነት ነውጥ ውስጥ እኮ ትንንሾቹ አዙሪቶች ከእሱ ያንሳሉ» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ክርክርም አልነበረም። ጥያቄው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ነገሩን ያውቀዋል፤ በትምህርት ቤትም ተምሮታል። ገበያን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሕዝቡ ባለበት የቆመ ይመስለዋል፤ ታች ወርዶ ሲያይ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጋፋል፣ አንዱ ይወድቃል። በአንድ ካሬ ውስጥ ትንሽ አዙሪት ቢኖር ግማሹ ብናኝ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ቀስት ብቻ ስለሚሰጥ ይህንንም ያንንም አቻችሎ «እዚህ ጋ ሰላም ነው» ይላል። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ካሬው ለዚህ ቫልቭ በቂ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ከእሱ በፊት የሠሩትም በዚያው መጠን ነው የሠሩት።

ስለዚህ ካሜራውን አስጠጋ። ሙሉውን ቱቦ ማየት ትቶ፣ ክንፎቹ የሚታጠፉበትን ማጠፊያ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ቦታ ብቻ እንዲያይ ሌላ ሌንስ ገጠመለት። ብናኙን አበዛ፤ የሌዘሩን ብርሃን ይበልጥ አሳሳ። ፓምፑን አስነሳ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ስህተት መሰለው። ቁጥሩ ከድሮው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ደህና ከሚባለው ልክ አልፎ ሄዷል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠንቃቃ ሴት ነች፤ ለደስታም ለድንጋጤም አትቸኩልም። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ካሬውን ስታሳንሰው በውስጡ የሚቀረው ብናኝ ይቀንሳል» አለችው። «ብናኝ ካነሰ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል። ይሄ ነውጥ ሳይሆን የመለኪያው ጫጫታ ሊሆን ይችላል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የተመኘሁት።»

«ታዲያ ለየው።»

ለየው። ፓምፑን አጥፍቶ፣ ፈሳሹ ረግቶ እያለ ለካ፤ ምንም በማይንቀሳቀስ ውሃ ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ የመለኪያው ስህተት ነውና። ስህተቱ ትንሽ ነበር። በዝግታ የሚሄድ ፈሳሽ ላይ ለካ፤ ቁጥሩ መሆን የሚገባውን ሆነ። እንደገና ፓምፑን አስነስቶ ለካ። ያው ሆነ። ከማጠፊያው ጀርባ፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር በጠባቡ ክፍተት ወደ ኋላ የሚሾልክ ፈሳሽ አለ፤ ከእሱ ሥር ትንንሽ አዙሪቶች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ድሮም ነበሩ። ካሬው ነበር የዋጣቸው።

ይህን ሲያሳያት ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «ደም የሚጎዳበትን ልክስ ቢሆን ማን በእርግጠኝነት ያውቀዋል? እኛ የለካነው ግሊሰሪን ነው። ሌላ ቫልቭ አምጥተን ከመጀመሪያው እንድገመው። እስከዚያ ለማንም አይነገር፤ ሰው በከንቱ እናስደነግጣለን።»

«እህቴ ደረት ውስጥ ነው ያለው።»

ኃላፊዋ ደንግጣ አየችው። ይህን አልሰማችም ነበር። «ብትነግራትስ ምን ታደርጋለች?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አውጡልኝ ትላለች? ማውጣቱ እኮ ከመተዉ የባሰ አደጋ ነው።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን አፉ ነው እንጂ ውስጡ አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በወጣ ቁጥር ይደውልላት ጀመር።

«እትዬ፣ ክኒኑን ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ አባቴ።»

«ደምሽን ተመረመርሽ?»

«ምነው ጩጬ፣ ድንገት ነርስ ሆንክብኝ? ባሌ ይወስደኛል በዚህ ሰሞን። አንተ ይልቅ ሚስት ፈልግ፤ የሚጨቀጨቅ ሰው አጥተህ ነው እኔ ላይ የመጣኸው።»

ልነግራት ነው ይላል፤ ደሞ ሳቋን ሲሰማ ይተወዋል። ለባሏ ልንገረው ይላል፤ ደሞ ድግግሞሹ ይለቅ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ይላል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሁለተኛው ቫልቭ ገና ሳይገጠም ነገሩ ደረሰ።

ጠዋት ነበር። ጸጉር ቤቷ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር እየቆረጠች፣ እንደ ልማዷ ወሬ ይዛ ሳለ፣ መሃል ላይ ቃላቶቿ ተወላገዱ። ደንበኛዋ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። እሷም ለመናገር ስትታገል ደንበኛዋ ይበልጥ ሳቀች። መቀሱ ከእጇ ወድቆ ወለሉን ሲመታ ነው ዞር ብላ ያየቻት፤ የአፏ አንድ ጎን ወርዶ፣ ቀኝ እጇ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ። ያቺ ሴት ስለሳቀችው ሳቅ በኋላ ሆስፒታል ድረስ መጥታ አልቅሳለች።

ደም ረግቶ ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል አሉ ሐኪሞቹ። ያደረጉላትን አደረጉ፤ ነፍሷ ተረፈች። ንግግሯና ቀኝ ጎኗ አልተመለሱም። ያ ሁለቱን ቫልቮች ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለባሏና ለወንድሟ አስረዳ። «ደሟ ከሚፈለገው ትንሽ ወፈር ብሎ ነው ያገኘነው። ምርመራው ትንሽ ዘግይቷል መሰለኝ። ግን ይሄ ብቻ ነው ማለት አልችልም። አንዳንዱ ከዚህ በባሰ ሁኔታ ምንም አይሆንም፤ ሌላው ደሞ ሁሉ ነገር ተስተካክሎለት ይረጋበታል።»

አናጢው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ዘግይቷል» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ ነበር ወደ ምርመራው ሊወስዳት የነበረው። የአንድ ትምህርት ቤት በሮች ገጥሞ እስኪጨርስ ብሎ ቀኑን ገፍቶታል። በአልጋዋ ግርጌ በተቀመጠ ቁጥር ያንኑ ይደጋግማል፤ «ለበር ብዬ። ለእንጨት በር ብዬ ሚስቴን።» ምግብ አይቀምስም። ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል።

መሐንዲሱ አጠገቡ ይቀመጣል። ውሃ ያቀብለዋል። «ጋሼ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ይለዋል። ለምን እንዳልሆነ ግን አይነግረውም። ቀናት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ አናጢው ግንባሩን በቡጢ ሲመታ አየውና አንጀቱ አልቻለም። ክንዱን ይዞ ወደ ደረጃው አወጣው፤ ሁሉንም ነገረው። ካሬውን፣ አዙሪቱን፣ ሦስት እጥፉን።

አናጢው አላቋረጠውም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ይሄን ያወቅከው መቼ ነው?»

«ከመታመሟ በፊት ነው።»

«ከመታመሟ በፊት።»

«እርግጠኛ አልነበርኩም ጋሼ። ልንደግመው ነበር...»

«እርግጠኛ አልነበርኩም!» አናጢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መሐንዲሱ ሰምቶት አያውቅም። «ስናስመርጥህ ጊዜ እርግጠኛ ነበርክ! አውቄ ቢሆን፣ ብትነግረኝ፣ በር ገጥማለሁ ብዬ ቀን እገፋ ነበር? አዝዬ እወስዳት ነበር እኮ! በየቀኑ አዝዬ!» ትንፋሽ አጠረው። «ይሄው ስንት ቀን ራሴን ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ውሃ እያቀበልክ።»

ሊመታው እጁን አነሳ፤ ግን መልሶ አወረደው። «ከዓይኔ ጥፋ» አለው። «ቤቴ እንዳትደርስ።»

መሐንዲሱ ወደ ምድር ቤቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ቫልቭ ተገጠመ፤ ሦስተኛውም። ውጤቱ ያው ነበር። ኃላፊዋም አላፈገፈገችም፤ ውጤቱን ከነስህተት ወሰኑ አብረው ፈርመው ይፋ አደረጉ። ቫልቩን የሚሠሩት ሰዎች «የእኛ መለኪያ ሌላ ያሳያል» ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ካሜራቸውን አስጠጉ፤ አንዳንዱ ከእሱ የበለጠ፣ አንዳንዱ ያነሰ አገኘ። ሆስፒታሎች ይህ ቫልቭ ያለባቸውን ሰዎች ደም ቶሎ ቶሎ ይመርምሩ ተባለ። በዚህ የተረፈ ሰው ይኖር ይሆናል። ማን እንደሆነ ግን የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ያልረጋ ደም አይቆጠርምና።

ወራት አልፈው አንድ ቀን ስልኩ ጠራ። አናጢው ነበር። ሰላም እንኳ አላለውም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከከተማ ውጪ ሥራ አለብኝ። ጎረቤቶቹ ሊያነሷት አልቻሉም፤ ከብዳለች። ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው።»

መጣ። እህቱ መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ስታየው ግራ እጇን አነሳችና «ቆዪ!» አለችው። ከዚያ ሁሉ ወሬ የቀረላት ይህች አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወረፋ ለሚጠብቁ ሴቶች ስትል የኖረችው። ውሃ ስትፈልግ ቆዪ፤ ስትናደድ ቆዪ፤ ስትስቅም ቆዪ። ባሏም ወንድሟም ቆዪ ናቸው። ገላዋን ሲያጥባት፣ ማንኪያ ሲያጎርሳት፣ ጸጉሯን ለማበጠር ሲሞክርና ሲያንጨፈርረው፣ ቆዪ፣ ቆዪ ትለዋለች፤ በግራ እጇ ማበጠሪያውን ነጥቃው በዓይኗ ትስቅበታለች።

በአንዱ ሐሙስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ነገራት። ለባሏ የነገረውን ሁሉ፣ በቀላል ቃል። «አላየሁበትም ያልኩሽ፣ ማየት ስለማልችል ነበር እትዬ። እንዳለ ካወቅኩ በኋላም አልነገርኩሽም» አላት። ግራ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ያዘችው፤ ጠበቅ አድርጋ፤ የልጅ ጉንጭ እንደሚያዝ ይሁን ወይ እንደሚቆነጠጥ መለየት አልቻለም።

«ቆዪ» አለች። «ቆዪ፣ ቆዪ፣ ቆዪ።»

ምን ለማለት እንደሆነ አላወቀም። ሊጠይቃት አይችል፤ ብትመልስም መልሱ ያው ነው። ከዚያ ዞር ብላ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ቀጠለች። ፀጥታው ውስጥ ደረቷ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር።

ብርዱ ሲበረታ ሁለተኛው የደም መርጋት መጣባት። በዚያን ጊዜ ክኒኗም ምርመራዋም አንድ ቀን አልተዛነፈም ነበር፤ ባሏ ራሱ ነበር ቆሞ የሚያውጣት። ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች።

ቀብሩ አልፎ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አናጢው ደወለለት። ተሽከርካሪ ወንበሩ የሆስፒታሉ ስለነበር መመለስ ነበረበት። መሐንዲሱ ሲደርስ አናጢው ወንበሩን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ክብደቱ ለአንድ ሰው የሚበዛ አልነበረም፤ አናጢው ብቻውን ይችለው ነበር።

«ግባ እስቲ መጀመሪያ» አለው።

ገባ። ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ቤቱ ፀጥ ብሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትሸንግለኝ።» አናጢው ወለሉን እያየ ነበር። «ሁለተኛው እንኳ፣ እሺ፣ ሁሉን ነገር ጠብቀን ነው የመጣው። የመጀመሪያው ግን... ያኔ የቀረው ምርመራ ነው ወይስ ያንተ ዕቃ?»

መሐንዲሱ ዕድሜውን ሙሉ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር የተማረው። በሁለቱም በኩል መልስ ሊፈጥር ይችላል። አንደኛው ይህንን ሰው ያሳርፈዋል፤ ሌላው ራሱን። አናጢው ቀና ብሎ ጠበቀው።

«አላውቅም ጋሼ» አለው። «ማንም ሊያውቀው አይችልም።»

አናጢው ራሱን ነቀነቀ፤ ይህንኑ ሲጠብቅ እንደነበረ ሰው። ጃኬቱን ከወንበር ላይ አንስቶ ለበሰ። የተሽከርካሪ ወንበሩን አንድ ጎን ያዘና በአገጩ ወደ ሌላኛው ጎን አመለከተው። ደረጃውን ሲወርዱ አናጢው ከፊት፣ መሐንዲሱ ከኋላ ነበሩ፤ ወንበሩን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ለሁለት ይዘውት ሄዱ።